ጀልባ የማይፈልግ ጥናት

ዘንድሮ ያደነቅኩት ሰው ቢኖር ይህ ወዳጄ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዓይን ይበላዋል።

ጥናቱ ስለ ዘጌ ገበሬዎች ኑሮ ነው። ለሌላው ሰው ይሄ ማለት ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ጣና ላይ መንገላታት፣ ከዚያ በቡናው ጫካ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ "እንዴት ዋላችሁ" ማለት ነው። ወዳጄ ግን ብልህ ነው። ሐይቁ ዳር አንድ ጁስ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጠ፣ ስፕሪስ አዘዘ፣ 150 መጠይቅ ዘርግቶ ቁጭ ብሎ ሞላው። ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው ተብሏል፤ ሳያዩ የሚሞሉትማ እንዴት ይሆኑ!

ጥንቃቄው ደግሞ! አራት እስክሪብቶ ይዟል፤ ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት ጥቁር። ለሽማግሌዎቹ በግራ እጁ ይፈርምላቸዋል። መስክ የዋለ ወረቀት እንዲመስል አንዳንዱ ላይ የአቮካዶ ጠብታ ጣል ያደርግበታል። የፈቃደኝነት ቅጹ ላይ መፈረም ለማይችሉት አሻራ ያስፈልጋል። ምን ችግር አለ? አሥር ጣት አለው። የሚፈለገው አውራ ጣት ብቻ ነው ልለው አሰብኩና ቅናት እንዳይመስልብኝ ተውኩት።

የውሎ አበሉና የጀልባው ሒሳብስ? እሱማ በደረሰኝ ተወራርዷል።

ፈረንጆቹ በዚህ በኩል ገና ናቸው። ዲዴሪክ ስታፕል የሚባል የሆላንድ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር እንዲሁ ዳታውን እቤቱ እየፈበረከ ዓመታት ዘልቆ ነበር። በእነሱ አቆጣጠር በ2011 የገዛ ትምህርት ክፍሉ ወጣት ተመራማሪዎች አጋለጡት። ከ50 በላይ ጽሑፎቹ ተሰረዙ፤ ዶክትሬቱንም መለሰ። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። እኛማ አብረን በልተን አብረን ጠጥተን፣ ደግሞ የኔንም ስፕሪስ የከፈለው እሱ ነው፣ እንዴት ብዬ?

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች። መጠይቁ ላይ "በስንት በሬ ያርሳሉ?" የሚል ጥያቄ አለ። ወዳጄ እጁ ሰፊ ስለሆነ ለሁሉም ጥማድ ጥማድ አደላቸው። ጁስ የሚያመላልሰው ልጅ ብርጭቆ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አነበበው።

"ጋሼ፣ እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ እኮ በበሬ አይታረስም። ገዳማችንን ከመሠረቱት ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ ቃል ኪዳን አለ።"

ወዳጄ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

"አንተ ናሙናው ውስጥ የለህም።"

በግምገማው ቀን ገምጋሚዎቹ ጠበቅ አድርገው ያዙት። የገጽ ቁጥሩ መሃል መሆን ሲገባው ቀኝ ጥግ ሆኗል። አስተካከለ። ዘጌ በየት በኩል እንደሆነች የሚጠይቀው አለቃው፣ ስሙ አንደኛ ገባ። ጥናቱም በጭብጨባ ጸደቀ፤ የመጀመሪያው ምክረ ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ ለዘጌ አርሶ አደሮች የተሻሻለ ማረሻ በአስቸኳይ ይሰራጭ።