አዲስ ከንቲባ መጣልን፣ እንኳን ደስ አለን!

አንዳንድ የዓለም ሕዝብ ያሳዝነኛል። የኢስታንቡልን ሰው ውሰዱ። በፈረንጆቹ 2019 ከንቲባ ልምረጥ ብሎ ወጣ፣ ተሰለፈ፣ ድምፁን ሰጠ። ኤክረም ኢማሞግሉ በ13 ሺህ ድምፅ ገደማ አሸነፈ። ወዲያው ምርጫው ተሰረዘና ድገሙ ተባሉ። ሕዝቡ ሦስት ወር ሳይሞላው እንደገና ወጣ፣ እንደገና ተሰለፈ፣ ያንኑ ሰውዬ አሁን ደግሞ በ800 ሺህ ገደማ ልዩነት መረጠው። እስቲ ለአንድ ከንቲባ ይሄ ሁሉ ድካም ምንድን ነው? ፀሐዩ፣ ሰልፉ፣ ክርክሩ፣ ወንድምና ወንድም መኳረፉ። የለንደን ሰውም ያው ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ ከንቲባውን ራሱ ካልመረጠ እንቅልፍ አይወስደውም።

እኛ የጎጃም ከተሜዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነን። ማርቆስ ኑር፣ ፍኖተ ሰላም ኑር፣ ቡሬም ሞጣም ኑር፣ እራትህን በልተህ ስልክህን ስትከፍት ከንቲባህ ተቀይሮ ይጠብቅሃል። ጥቁር ሱፍ፣ ከኋላ ባንዲራ፣ ከሥር ሁለት መስመር ጽሑፍ። አለቀ። ካርድ አልወሰድክ፣ ጣትህ ቀለም አልነካ፣ የማንንም ቃል ኪዳን አልሰማህ። ያንተ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የምትሠራው ተኝተህ ነው። ኮመንት መጻፍ።

በኮመንት ደግሞ የሚያክለን የለም። ፖስቱ ከወጣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ይገባዎታል!» ይላል አንዱ። የሰውዬውን ስም ገና አሁን ነው የሰማው፣ ግን ይገባዋል። «ትክክለኛው ሰው በትክክለኛው ቦታ» ይላል ሌላው። ይሄኛው ባለፈው ለተነሳውም፣ ከዚያ በፊት ለተነሳውም ይችኑ ነበር የጻፈው፤ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። «የሥራ ዘመንዎ የተባረከ ይሁን» የምትለዋ እህታችን ከልቧ ናት፤ የቤት ማኅበሯ ፋይል ከሁለት ከንቲባ በፊት የገባበት አልታወቀም፣ ምርቃቱ ይደርስ እንደሆነ ብላ ነው።

ከምርቃቱ ቀጥሎ ጥናትና ምርምር ይከተላል። ሰውዬው ምን ሠርቶ ያውቃል፣ ምን ሊሠራ አስቧል የሚል ተራ ጥያቄ ግን እኛ ዘንድ የለም። ጥናቱ «የየት አገር ሰው ነው?» የሚል ነው። ብቸና ነው? ዳሞት ነው? እናቱስ? የእናቱ አገር ደጀን ነው ከተባለ የደጀን ልጆች በአንድ ሌሊት ከተማ ፕላን ተረድተው ያድራሉ። ጎበዙማ ዝምድና ቆጥሮ ያገኛል፤ የአክስቱ ባል የክርስትና ልጅ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ፕሮግራም አንብብ፣ ዕጩ አወዳድር ቢሉት ስድብ ነው የሚሆንበት።

ሕጉ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋምና ለሱ ቶሎ ልናገርና ልለፍ። ነዋሪው የከተማውን ምክር ቤት አባላት ይመርጣል። ምክር ቤቱ ከንቲባውን ይመርጣል። ከንቲባው ካቢኔውን አቅርቦ ያስጸድቃል፣ ዕቅድና በጀት ያቀርባል፣ ሪፖርት ያደርጋል፤ ምክር ቤቱ ካልጣመው ይጠይቀዋል፣ ያነሳዋል። ይሄ አካሄድ በራሱ ነውር የለበትም። የፓሪስ ከንቲባም የሚመረጠው በምክር ቤት ነው። ልዩነቱ፣ የፓሪስ ሰው የምክር ቤቱን አባላት ሲመርጥ ዝርዝሩን ማን እንደሚመራው፣ ማን ከንቲባ ሊሆን እንደሚችል አውቆ ነው። ምስኪን፣ የሚያስደንቀው ነገር አስቀድሞ ያልቅበታል። እኛ ግን ድንገተኛ ስጦታ እንወዳለን።

የኛ ምክር ቤትማ ጨዋነቱ! አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል። አጀንዳው ሹመት ነው። ዕጩው ይቀርባል፤ አንድ ነው፣ ሁለት ቢሆን ሰው ግራ ይጋባል። የትምህርት ደረጃው ይነበባል፣ ጭብጨባ። «የምትደግፉ?» ይባላል፣ እጅ ሁሉ ይወጣል። «የምትቃወሙ?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሐሳቡ ከፓርቲ ቢሮ ተፈትጎ፣ ተሰልቆ፣ ተጋግሮ ስለሚመጣ አባላቱ የቀራቸው መቁረስ ብቻ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ባለፈው ጉባኤ የቀድሞውን በሙሉ ድምፅ የሾሙት እነዚሁ እጆች ናቸው። አሁንም በሙሉ ድምፅ ያነሱታል። ቂም የለም፣ ማብራሪያም የለም። «ወደ ሌላ ኃላፊነት ተመድበዋል» ይባላል። የት? ሌላ።

እነዚህን የምክር ቤት አባላት ማን መረጣቸው የሚለው ደግሞ የታሪክ ትምህርት ነው። የወረዳ፣ የቀበሌና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ በ2010 መደገም ነበረበት። ተራዘመ። በ2011ም ይደረጋል ተብሎ ተራዘመ። በሰኔ 2013 ለፓርላማና ለክልል ምክር ቤት ስንመርጥ የኛዋ የከተማ ምርጫ አብራ አልመጣችም። በዚያ ሚያዝያ አምስተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ደጅ ይጠናል፤ እሱ ድምፅ ሰጥቶበት የማያውቀውን ከንቲባ «ክቡር» እያለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ጎጃም ያለበት ሁኔታ ለምርጫ ቀርቶ ለገበያም እንዳልተመቸ አውቃለሁ፣ በእሱ አልቀልድም። ግን 2010 ላይ ምርጫዋ ስትቀር መንገዱ ክፍት ነበር፣ አውቶቡሱ ይሄድ ነበር፣ ቡናውም ይጠጣ ነበር። ማን ጠየቀ? ማንም። ስለጨዋነታችን ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

በሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት አሉ። ከተማው ሳይውጠው በፊት ዳር ላይ የነበረ ማሳቸውን ያርሱ ነበር። እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «አያ፣ ከንቲባ ተቀየረ አሉ» አልኳቸው።

«ደግሞ ማንን አመጡ?»

«እርስዎ የመረጡት ምክር ቤት እኮ ነው የመረጠው።»

«እኔ? መቼ?»

«በ2005።»

ዝም ብለው አሰቡ። «አዎ፣ ያኔ አስፈርመውኛል። ለምርጫ ይሁን ለማዳበሪያ ግን አሁን አላስታውሰውም ልጄ። ሁለቱም ላይ ያው ነበር፣ ስም ይጠራል፣ አቤት ትላለህ።»

አዲስ አበቤዎችም ቢሆኑ እኛን አይበልጡንም፣ ግን ሙከራቸው አይናቅም። የእነሱ ከተማ የራሱ ቻርተር አለው፤ ከንቲባው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። በ2010 ታከለ ኡማ ሲመጡ ግን የምክር ቤት አባል አልነበሩም። ታዲያ ቀላል ነው፣ ሕጉ ተሻሻለ። በምክትል ከንቲባ ስም የከንቲባ ሥራ ተሠራ። እሳቸው ሄደው አዳነች አቤቤ ሲተኩም ማዕረጉ መጀመሪያ ምክትል ነበር፤ ከንቲባ የሆኑት ከምርጫው በኋላ መስከረም 2014 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ዋና ከተማችን ምክትል ነበራት እንጂ ዋና አልነበራትም። ምክትል የማን? እሱን እኔን አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ሥልጣን እንምጣ። ከንቲባ ለኛ ምንድን ነው? ሁሉም ነገር ነው። ውሃ ሲጠፋ ከንቲባው። መብራት ሲጠፋ ከንቲባው፣ መብራት የፌዴራል መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀርቶ። ቱቦው ሞልቶ ክረምት ላይ ግቢ ሲገባ ከንቲባው ራሳቸው ቦቲ አድርገው እንዲመጡ እንጠብቃለን፤ ለጽዳት፣ ለቱቦ፣ ለመንገድ መብራት የሚቀጠር የከተማ ሥራ አስኪያጅ የሚባል ሰው መኖሩን የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ባል ሚስቱን ሲመታም ማመልከቻው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ይገባል። ምስጋናውም እንደዚያው ነው። ባሕር ዳር ላይ ግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያስገነባው የፌዴራሉ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ለኛ ግን ማንም ይሥራው ማን፣ ምስጋና የምንልክበት አድራሻ አንድ ነው፣ ያ አድራሻም ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው።

ከንቲባው በእርግጥ ሥልጣን ያላቸው ነገር ላይ ስንደርስ ደግሞ ዓይናችንን ጨፍነን እናልፋለን፣ ይሄ ነው ትልቁ አክብሮት። የከተማ ከንቲባ እጅ ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር መሬት ነው። ቤትና የከተማ ቦታ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ጀምሮ ማዘጋጃ ቤት ማለት መሬት ማለት ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ መሬት በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል አለ። ታዲያ በዚህ ዓመት ስንት ካሬ በጨረታ ወጣ፣ ስንቱ በምደባ ሄደ፣ ለማን፣ ለምን? ካሳ የተከፈለው ገበሬ ስንት ነው፣ ያልተከፈለውስ? የከተማው በጀት ስንት ብር ነው፣ ከዚያ ላይ ስንቱ ለአበልና ለነዳጅ፣ ስንቱ ለቱቦ? እነዚህ አንድ ነዋሪ በአምስት ደቂቃ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች ናቸው፣ ለዚህም ነው የማንጠይቃቸው። ውይይት መድረክ ተጠርተን ማይክ ሲደርሰን የምንናገረው የታወቀ ነው። «በመጀመሪያ ይህን መድረክ ያዘጋጀውን አካል አመሰግናለሁ» ብለን እንጀምራለን፣ በመካከሉ የሰፈራችንን ኮብልስቶን በእግረ መንገድ እናነሳለን፣ ስንጨርስም እናመሰግናለን። ከንቲባውም «ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ይዘነዋል» ይላሉ። ይይዙታል። እስካሁን ይዘውታል።

የመሠረት ድንጋይማ የኛ ጌጥ ነው። እያንዳንዱ ከንቲባ አሻራውን ማኖር አለበት። የቀድሞው ያስቀመጠው ድንጋይ ዙሪያውን ሣር በቅሎበት በግ ታስሮበት ይገኛል፣ አዲሱ መጥተው ከሱ መቶ ሜትር ራቅ ብለው ለሌላ አዳራሽ ሌላ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። እኛ ለሁለቱም አጨብጭበናል። የበጉ ባለቤት ብቻ ነው ከፕሮጀክቱ በቀጥታ የተጠቀመው።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም፣ ማፈር አለብን። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣባቸው የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬዎች አሻፈረኝ አሉ። ጦር ተላከባቸው፣ አውሮፕላን ተላከባቸው፣ በዚያው ጸኑ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። እስቲ ይሄ ምን ዓይነት ሥነ ሥርዓት ነው? ሹሙን ራሱ ያልመረጠ፣ ስልክ የሌለው ገበሬ ሹሙን አስነሳ። እኛ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ «ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ማንሳት ይችላል» የሚል የተጻፈልን ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ነውር ውስጥ አንገባም። ማንሳት ይቅርና ተወካያችን ማን እንደሆነ ጠይቀን ሰው አናስቸግርም።

ቅኔውስ የት ሄደ ትሉ ይሆናል፣ ጎጃም አይደላችሁም ወይ? አለ እንጂ። ከንቲባው እስኪነሱ ይቀመጣል። ወንበር ላይ እያሉ የሰማነው ሁሉ ሰሙን ነው፤ ወርቁ የሚወጣው ወደ ሌላ ኃላፊነት በተመደቡ ማግስት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሲሾም ያልተናገርነውን ሲሻር እናካክሰዋለን። ያ «ትክክለኛው ሰው» ያለው ልጅ ቀድሞ ይጀምራል፤ «እኔማ ከመጀመሪያውም አላማረኝም ነበር»። መሬቱን ለማን እንደሰጡ፣ ቪላቸው የት እንደቆመ፣ ወንድማቸው ምን እንደነዳ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉም ያውቀው እንደነበር ያኔ ይታወቃል። ከዚያ አዲሱ ይመጣሉ፣ ወርቁም ተመልሶ ይቀበራል።

ባለፈው ግን አንድ ጎረምሳ ሥነ ሥርዓቱን ሊያበላሽብን ነበር። ከሹመት ፖስት ሥር፣ በእንኳን ደስ አለዎት መሐል ገብቶ፣ «የኔ ቀበሌ የምክር ቤት ተወካይ ማን ነው? ድምፅ ሲሰጥ ምን አለ?» ብሎ ጻፈ። ሰው ደነገጠ። «አንተ ደግሞ ነገር ፈላጊ» አለው አንዱ፣ መቶ ምናምን ላይክ አገኘ። «ከማን ጋር ነህ?» አለው ሌላው። ሦስተኛው የእናቱ አገር ከየት እንደሆነ ጠየቀው። ተወካዩን የሚያውቅ ሰው ግን አልተገኘም፣ ተወካዩም እዚያው ገጽ ላይ ካለ ድምፁን አላሰማም። ማታ ላይ ሳይ ልጁ ጥያቄውን አጥፍቶታል። በምትኩ «ከረባቱ ያምራል ክቡር ከንቲባ» ብሎ ጽፏል።