የሐበሻ ቤት የሚከፍለው የሙዚቃ ገንዘብ ማን ጋ ይደርሳል?

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደወለልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ቀን ይሠራል፣ ማታ ግጥምና ዜማ ይሠራል። «ጋሼ፣ አስካፕ ልግባ ወይስ ቢኤምአይ?» አለኝ። አንድ ሰዓት አወራን። ጥያቄው የሱ ብቻ ስላልሆነ ያወራነውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘፈን በሬዲዮ፣ በቲቪ፣ በሬስቶራንት፣ በኮንሰርት ወይም በስትሪሚንግ ሲሰማ የግጥሙና የዜማው ባለቤት ገንዘብ ይገባዋል። ደራሲ በየቤቱ እየዞረ አይሰበስብም። ድርጅት ይሰበስብለታል። አስካፕ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1914 የተቋቋመ የደራሲዎችና የአሳታሚዎች ማኅበር ነው (አሳታሚ ማለት የደራሲውን ዘፈን በውል ይዞ የሚያስተዳድር ነው)፤ ቦርዱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። ቢኤምአይን ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው በ1939 ያቋቋሙት፣ አስካፕ የጠየቀን ዋጋ በዛ ብለው። ሴሳክና ጂኤምአር የሚባሉም አሉ፤ እነሱ ግን የሚያስገቡት ራሳቸው የጋበዙትን ነው፣ ስለዚህ ለጀማሪ አይነሱም።

እንዲህ መምረጥ ራሱ የአሜሪካ ነገር ነው። ፈረንሳይ ያለ ሰው ባብዛኛው ሳሴም ይገባል፣ ጀርመን ያለው ጌማ፣ ስዊድን ያለው ስቲም፣ በቃ። እዚህ ግን ፉክክር አለ፣ ፉክክሩም ታሪክ አለው። አስካፕ በዛን ጊዜ በአብዛኛው የብሮድዌይና የፊልም ሰዎች ቤት ነበር፤ ብሉዝ የሚጫወቱ ጥቁሮችና የገጠር ነጮች እምብዛም አይገቡበትም። ቢኤምአይ ሲመጣ እነሱን ሰብስቦ አስገባ። ይህን ሳነብ ስለ እኛ ነው ያሰብኩት። እኛም ገና በር ላይ ያለን ሰዎች ነን፣ አሁን ግን በሩ ክፍት ነው፤ የማንገባው ስላልተነገረን ነው።

ልጁን የነገርኩት እውነቱን ነው። ለብቻው ለሚሠራ ደራሲ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ሁለቱም በየሩብ ዓመቱ ይከፍላሉ፣ ዘፈኑ ከተሰማ ከስድስት ሰባት ወር በኋላ። የሚለየው ነገር ወረቀቱ ውስጥ ነው ያለው። ክፍያው ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ የደራሲው፣ ግማሹ የአሳታሚው። አሳታሚ ከሌለህ ቢኤምአይ ሁለቱንም ለአንተ ለደራሲው ይከፍልሃል። አስካፕ ላይ ግን የአሳታሚውን ግማሽ ለማግኘት በአሳታሚነትም መመዝገብ አለብህ። ይህን ያልነገሩት ሰው ለዓመታት ግማሽ ገንዘብ እየተቀበለ ሙሉ የተቀበለ ይመስለዋል። የቢኤምአይ የደራሲ ውል ሁለት ዓመት ነው፣ አስካፕ ደግሞ በየዓመቱ መውጣት ያስችላል፤ የመውጫውን ጊዜ ካሳለፍክ ግን ውሉ ራሱ ይታደሳል። በአንድ ጊዜ የሁለቱም አባል መሆን አይቻልም። ሌላው ነገር ባለቤትነት ነው። ቢኤምአይ በ2024 ኒው ማውንቴን ካፒታል ለሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጧል። ከሽያጩ 100 ሚሊዮን ዶላር ለደራሲዎችና ለአሳታሚዎች ተመድቧል፣ ቢሆንም አትራፊ ድርጅት ነው አሁን። እኔ በዚህ ምክንያት ልቤ ወደ አስካፕ ያደላል። ልጁ አሳታሚ ሆኖ የመመዝገቡን ጣጣ ካልፈለገ ግን ቢኤምአይ ቢገባ አልቆጣም።

ይህን ካልኩ በኋላ ዋናውን ነገር ነገርኩት። አባል መሆን ብቻውን ምንም አይደለም። እኔ አባል ከሆንኩ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ዘፈን አላስመዘገብኩም፤ አባልነቱ የሚበቃ መስሎኝ። ዘፈን አንድ በአንድ ይመዘገባል፣ ከነደራሲዎቹ ስምና ከነፐርሰንቱ። ያልተመዘገበ ዘፈን ቢሰማም ገንዘቡ አንተ ጋ አይመጣም።

እስቲ ቅዳሜ ማታ ዲሲ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ የሐበሻ ቤት ግቡ። ኪቦርዱ አለ፣ ማሲንቆውም አለ። ድምፃዊው ከወላጆቻችን ዘመን ጀምሮ እስከ ትናንት የወጣውን ይዘፍናል፣ ሰዉ እስክስታ ይወርዳል። ስትገቡ በሩን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የአስካፕ ወይም የቢኤምአይ ትንሽ ስቲከር ተለጥፎበታል። ባለቤቱ በየዓመቱ ፈቃድ ይከፍላል ማለት ነው። ከ3,750 ስኩዌር ፊት ያነሰ ሬስቶራንት ሬዲዮና ቲቪ ብቻ ከከፈተ ሕጉ ነፃ ያደርገዋል፤ ባንድ ካስገባ ግን መክፈል አለበት። ነገሩ የቆየ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 በአንድ የኒውዮርክ ሬስቶራንት ጉዳይ ወስኖበታል። ቤቱ ለሙዚቃው ለብቻው ባያስከፍልም ሙዚቃው የንግዱ አካል ነው፣ ሰው ምግቡን ብቻ ብሎ አይመጣም፣ ስለዚህ ደራሲው ይከፈለው አለ።

ታዲያ የሐበሻው ቤት የከፈለው ገንዘብ የት ይሄዳል? ድርጅቶቹ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ የተዘፈነውን መከታተል አይችሉም። ስለዚህ ከሬስቶራንቶችና ከቡና ቤቶች የሰበሰቡትን በአብዛኛው በሬዲዮና በመሳሰሉት በተሰሙ ዘፈኖች መረጃ ያከፋፍሉታል። አስቡት። የኛ ሰው ጥብስና እንጀራ ሸጦ ከፈለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተዘፈነው አማርኛና ኦሮምኛና ትግርኛ ነው፣ ገንዘቡ ግን ናሽቪልና ሎስ አንጀለስ ላሉ ደራሲዎች ሄደ። ማንም አልሰረቀም። የኛ ስም መዝገቡ ላይ የለም፣ ይኸው ነው።

ይህን በትንሹም ቢሆን የሚያስተካክል መንገድ አለ። አስካፕ ኦንስቴጅ የሚባል አለው፣ ቢኤምአይ ደግሞ ቢኤምአይ ላይቭ። የራስህን ዘፈን ፈቃድ የከፈለ ቤት ውስጥ ስትጫወት የዘፈኖቹን ዝርዝር፣ ቀኑንና ቤቱን ትሞላለህ፣ ይከፈልሃል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ግን ያንተ ነው። የጊዜ ገደብ አለው፣ ካለፈ አለፈ። ስንት ድምፃዊ አውቃለሁ በየሳምንቱ የሚጫወት፣ አንድም ቀን ይህን ሞልቶ የማያውቅ!

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ባለፈው ስሄድ ብዙ ዜማ የሠራ ወዳጄ ጋ ቦሌ ቡና እየጠጣን፣ የሱ ዜማ ከስፒከሩ ይወጣል። «ከዚህ ምን ታገኛለህ?» አልኩት። «ምን አገኛለሁ፣ ያኔ አንዴ ተከፍሎኛል» አለ። እንዲህ ነው የለመድነው። ገጣሚው ግጥሙን ይሰጣል፣ ዜማ ደራሲው ዜማውን ይሰጣል፣ አቀናባሪው ያቀናብራል፣ ሁሉም አንዴ ይቀበላሉ፣ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ የድምፃዊው ነው። የአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ የተገላቢጦሽ ነው፦ ለደራሲው ይከፈላል እንጂ ለድምፃዊው አይከፈልም። ወዳጄ ይህን ስነግረው አላመነኝም።

ሕግ ግን አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ይቆያል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ ሮያሊቲን፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር ለባለቤቱ የሚከፈለውን፣ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት እንዲኖሩ መንገድ ከፍቷል። የካፌውን ባለቤት ጠየቅሁት፤ ለሙዚቃ ክፈል ብሎት የመጣ ሰው የለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቢጠየቅ የሚከፍል ይመስለኛል።

አገር ቤት ያለንን አንድ ነገር ግን እዚህ አላገኘሁትም። የሬዲዮ አዘጋጁ ዘፈኑን ሲያስገባ «ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ» ይላል። እናቴ ትምህርት ቤት ሳትገባ የገጣሚዎችን ስም ታውቅ ነበር። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ የሚወደውን ዘፈን ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ ደራሲው ግን ቼኩን ያገኛል። ያ የስም አጠራር ባህላችን ወረቀት ላይ ቢሰፍር ሥራው ግማሽ ያልቅ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ስንመጣ ደግሞ ጣጣው የኛ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የአንድ ሰው ስም በሦስት ዓይነት ይጻፋል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባና ሰውየው በአንዱ ዘፈን በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ይጠራል። «ትዝታ» የሚል ርዕስ ያላቸው ዘፈኖች ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ለዚህ ነው አባል ስትሆን አይፒአይ የሚባል ቁጥር የሚሰጥህ። ቁጥሩን ያዘው፣ በሄድክበት ሁሉ እሱን ስጥ። ዜማው የሕዝብ ከሆነም የሕዝብ ዜማ ቅንብር ብለህ አስመዝግብ፤ የራሴ ነው አትበል፣ ነገ ሌላው ልጅ ያንኑ ዜማ ይዞ ይመጣል።

ፐርሰንቱ ከሁሉ ይከብዳል። በኛ ልማድ አቀናባሪው የዜማ ድርሻ አይጠይቅም፣ እዚህ ግን ቢት የሚሠራው ልጅ ከድርሰቱ ድርሻ ይፈልጋል። ሁለቱም አግባብ አላቸው፣ የሚያጣላው ሳይነገር መቅረቱ ነው። ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማን ስንት እንደሆነ ጻፉና ፈርሙ።

ሌላም አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። አስካፕም ቢኤምአይም ሁሉን አይሰበስቡም። ከስፖቲፋይና መሰሎቹ የሚመጣውን የቅጂ ድርሻ፣ ማለትም ዘፈኑ ስለተባዛ ለደራሲው የሚከፈለውን፣ ከ2021 ጀምሮ ኤምኤልሲ የሚባል ድርጅት ይሰበስባል፣ ምዝገባው ነፃ ነው። ራስህ ከዘፈንክ ደግሞ የዲጂታል ሬዲዮውን ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባል ድርጅት ይከፍልሃል። ዘፈንህን የሚጭንልህ ዲስትሪቢዩተር እነዚህን ሁሉ የጨረሰልህ አይምሰልህ።

ልጁ በመጨረሻ አስካፕን መረጠ፣ በደራሲነትም በአሳታሚነትም። አራት ዘፈን አለው። ሦስቱን አስመዝግቧል። አራተኛውን ግን ዜማውን የሠራው አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ነው፣ እሱም የትም አልተመዘገበም። የሌላ አገር ማኅበር አባል ስላልሆነ ካለበት ሆኖ ማመልከት ይችላል። ሁለቱ አገሮች የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው አሜሪካ ውስጥ ከሚያገኘው 30 ፐርሰንት ይቆረጥበታል፤ እንደዚያም ሆኖ ዛሬ ከሚያገኘው ዜሮ ይሻለዋል። ግማሽ ግማሽ ተስማምተዋል። አሁን የምንጠብቀው ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጎ በቴሌግራም እንዲልክልን ነው።