ሹመኛውን በምልጃ አትክበቡት

ወገኖቼ፣ በየወረዳው ከተማ የምትኖሩ ሁሉ፣ ዛሬ ነገሬ ከሹመኞች ጋር አይደለም። እነርሱንማ በየለቅሶ ቤቱና በየገበያው ስናማቸው እንውላለን። ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። «ከተማችን ያላደገችው መሪ አጥታ ነው» ማለት ለምዶባችኋል። እስቲ መሪ የተገኘ ዕለት ምን እንደምታደርጉት ተመልከቱ።

የከተማው አስተዳደር ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች የመሥሪያ ሼድ ሠራ እንበል። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መብራት የገባለት። ቦታው የሚሰጠው ሙያ ላላቸውና ተደራጅተው ለተመዘገቡ እንደሆነ ማስታወቂያ ተለጥፏል። የስም ዝርዝሩ ሊወጣ ሲቃረብ አንድ የተከበሩ አባት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ከመሸ ወደ ኃላፊው ቤት ይዘልቃሉ። «የእኅቴ ልጅ ነው፤ አባቱን በልጅነቱ ያጣ ነው። አንተም የእኛው ልጅ ነህና አታሳፍረን» ይላሉ። ኃላፊው «አባቴ፣ ተራው የእርሱ አይደለም» ያለ እንደሆነ በማግስቱ ስሙ በከተማው ይዞራል፤ ለወገኑ የማይሆን፣ ሹመት ያሳበጠው ይባላል። እሺ ያለ እንደሆነ ደግሞ ያ ሼድ ዓመት ሳይሞላው ለነጋዴ ተከራይቶ የቢራ ሳጥን ማከማቻ ይሆናል። ብየዳ የተማረው ወጣት ግን ዛሬም በር የሚበይደው በሰው አጥር ሥር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ መሣሪያውን በላስቲክ ይሸፍናል፣ እስኪያባራ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ያን ልጅ ከሼዱ ያስቀረው ማን ነው? ፊርማው የኃላፊው ነው፤ ምልጃው ግን የእናንተ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በየቤታችን ስንተርት ኖረናል። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ከሥልጣን ወርዶ የኪራይ ቤት ሲገባ «ሞኝ ነበር» እንላለን። የበላው ፎቅ ሲያቆም በሠርግ ድንኳን ከፊት እናስቀምጠዋለን። ልጆቻችን ይህን ሁሉ ያያሉ። ነገ እነርሱ ሲሾሙ ምን እንዲያደርጉ እንጠብቃለን?

ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ፤ ልቤ ይበልጥ የሚደማው እዚያ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. የአላፊዎቹ ቁጥር 8.4 በመቶ ደርሷል፤ መሻሻሉ ደግ ነው፣ ሆኖም ከመቶ ልጅ ከዘጠና የሚበልጠው ዛሬም ይወድቃል። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው በየትምህርት ቤታችን ኩረጃ ስለነገሠ ነው። ኩረጃን የከለከለ ርእሰ መምህር «የልጆቻችንን ዕድል ዘጋ» እየተባለ ሲሰደብ ተሳዳቢዎቹ ከሰማይ አልወረዱም። ወላጆች ነበሩ። ያ ሰው ተማርሮ ዝውውር ሲጠይቅ ማን ከለከለው? ማንስ ከጎኑ ቆመ?

የወላጆች ስብሰባ በተጠራ ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚገኙት ርእሰ መምህሩ፣ ጥቂት መምህራንና ልጅ ያዘሉ ጥቂት እናቶች ናቸው። አባቶች የሉም። የእድር ስብሰባ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱንም ሐሜቱንም ፈርተን በሰዓቱ እንገኝ ነበር። ለድንኳንና ለወንበር መግዣ ሳናጉረመርም እናዋጣለን፤ ለቤተ ሙከራ ሲባል ግን «የመንግሥት ሥራ ነው» እንላለን። እድሩ ይቅር አላልሁም፤ እድር ኩራታችን ነው። የስም ጥሪውን፣ የሒሳብ መዝገቡን፣ ቀሪን የመቅጣት ሥርዓቱን በደንብ እናውቅበታለን። ይህንኑ ለትምህርት ቤቱ መንፈጋችን ነው የሚያንገበግበኝ። በጦርነት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸውን ወገኖቻችንን አልወቅስም፤ ቃሌ ደጁ ለተከፈተልን ነው።

የትንሽ መንደር ነዋሪ ምን ሊያደርግ ይችላል የምትሉ፣ ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ፣ አውራ አምባን ተመልከቱ። ማኅበረሰቡን በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ራሳቸው ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኙም። መሬታቸው ጠባብ ስለነበር በእርሻ ብቻ መኖር አልቻሉም፤ ወደ ሽመና ዞሩ፣ ወፍጮ ተከሉ፣ ለልጆቻቸው ማንበቢያ ቤት ሠሩ። የጋራውን ሥራ በኮሚቴ ተከፋፍለው ይዘዋል፤ አረጋውያኑን በጋራ ይጦራሉ። በመካከሉ ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደው ነበር፤ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። አኗኗራቸውን ሁሉ ተቀበሉ አልላችሁም፤ እኔም ሁሉንም አልቀበለውም። የመሪያቸው ሐሳብ ፍሬ ያፈራው ግን እያንዳንዱ ነዋሪ ከሥራው ድርሻውን ስለወሰደ ነው።

ሕጉም ቢሆን በእጃችሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ እምነት ያጣችሁበትንም ተመራጭ ከቦታው ልታነሡት እንደምትችሉ ይደነግጋል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ይህን መብት ይዞ ከመሸ በኋላ ለአንድ የእኅት ልጅ ብሎ ደጅ መጥናት ያሳፍራል።

የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ምክር ቤታችሁ በጀቱን ከማጽደቁ በፊት ከየሰፈሩ ሦስት አራት ሰው መርጣችሁ በቀን፣ በሥራ ሰዓት ሂዱ። ለትምህርት ቤቱ ስንት ብር እንደተያዘ ጠይቁ። ሼዶቹ በማን ስም ተሰጥተው በማን እጅ እንዳሉ ጠይቁ። ኃላፊው እውነቱን ነግሯችሁ ሼዱን ካከራየው ሰው ላይ ሊነጥቅ ቢነሣ፣ የተነጠቀው ዘመዳችሁ ቢሆንም እንኳ በአደባባይ መስክሩለት። ጥያቄያችሁን ግን በቃል ብቻ አትተዉት፤ በጽሑፍ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡት፣ ቅጂውንም ያዙ። መልስ ካልመጣ በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ተመለሱ።