ይድረስ ከሻይ ብርጭቆ ስር ለተደላደልከው ስኳር

ጉዳዩ፦ ሳትጠራ መምጣትህን ይመለከታል

ስኳርዬ እንደምን ከርመሃል? እኔማ "ያለ ስኳር" ብዬ ነበር ያዘዝኩት፣ አስተናጋጇም "እሺ" ብላ ሄዳለች፣ ሻዩ ሲመጣ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ሆነህ ስሩ ቁጭ ብለሃል። "ኧረ ያለ ስኳር ነበርኮ" ስላት "በቃ አታማስለው" አለችኝ። አክስቴ ቤት ደሞ ይባስ፣ "አንድ ቀን አይገድልህም፣ በሞቴ" እያለች ሶስተኛዋን ማንኪያ ትገለብጥብኛለች።

ለፍርድ እንዲመች መጀመሪያ ነፃ የምትወጣበትን ልናገር። ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ላይ እጅህ የለበትም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን (አንተን ከደም ወደ ሴሎች የሚያስገባህን ሆርሞን) የሚያመርቱትን ሴሎች ሲጨርሳቸው ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፣ ጎረቤት ግን እናትየዋን "ጣፋጭ አብዝተሽበት ነው" እያለ ያሳርራታል። ለዚህ ልጅ ኢንሱሊን የግድ ነው፣ በ1922 እ.ኤ.አ ለሰው መሰጠት እስኪጀምር ድረስ በሽታው ሞት ነበር በቃ። "ሽፈራው አፍልተው ያጠጡት፣ መርፌው ይቅርበት" ከሚለው መካሪ አንተ ትሻላለህ፣ እውነቴን ነው።

ዓይነት 2 ላይ ግን አታመልጥም። ብቻህን አይደለህም እሺ፣ ዘር አለ፣ ቦርጭ አለ፣ ከወንበር ሳይነሱ መዋል አለ፣ ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት አልሰማ ይለዋል፣ ከስኳር ታማሚውም አብዛኛው ይሄ ነው። አንተ ደሞ ለስላሳ ውስጥ ተደብቀህ ሰርጉም ልቅሶውም ላይ አለህ፣ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ ብቻ 35 ግራም ገደማ ነህ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደሞ በቀን ከ25 ግራም ባያልፍ ይመረጣል ይላል። የእርግዝናውም አለ፣ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ግን ኋላ ዓይነት 2 የመምጣት እድሉን ከፍ ያደርጋል፣ አንተ እቴ ምን ገዶህ፣ አራሷ ሳትነሳ አጥሚቷ ውስጥ ገብተሃል!

ደሞ ሰው አቅም የለውም ብለህ አትናቀን። በ2002 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት ላይ ስኳር አፋፉ ላይ የነበሩ ሰዎች ክብደት በመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ በመንቀሳቀስ ብቻ ወደ ዓይነት 2 የመሄድ እድላቸውን በ58 ፐርሰንት ቀንሰዋል፣ 150 ደቂቃ ማለት እኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከምንገተርበት ያንሳል። እንጀራም ተው ያለ የለም፣ እሱን ቀነስ ጎመኑን ጨመር ነው፣ ጾም ነው ተብሎ ዳቦ በማርማላታ፣ ፓስታ በድንች ምናምን መደራረቡ ነው ጉዱ።

አንድ ቀን ግን ትፈለጋለህ አልክድም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ወርዶ ላብ በላብ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ፣ 15 ግራም ያህል ቶሎ ናልኝ የሚባልበት ሰዓት አለ። ያኔ ሱቅ ስንሮጥ ባለሱቁ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ "ስኳር ጠፍቷል፣ ከረሜላ ልስጥህ?"

ከሰላምታ ጋር
መራራ ጠጪው