በሰኔ የሚገባ ደብዳቤ ዘግይቷል

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ የለውም። ከየሰፈሩ በጎርፍ ቦይ ተጠራርጎ የገባው ፕላስቲክና ደለል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቦዮቹ ክረምት ሳይገባ ይጠረጉ ብሎ መጠየቅ የአንድ ፓርቲ አጀንዳ አይደለም፤ ለማንም ያልወገነ የነዋሪዎች ማኅበር ሊሟገትለት የሚገባ ጉዳይ ነው። የሚያሳዝነው ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጎርፉ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ በሰኔ መሆኑ ነው።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። በዚያ ወር ለከተማው አስተዳደር የገባ ደብዳቤ ያለቀ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የመጪው ዓመት ድልድልም ተገባዷል። ቦዩ ደርቆ ደለሉ በሚታይበት በኅዳር መለካት፣ በጥር በአባላት ጉባኤ መወያየት፣ በየካቲት ደብዳቤውን ማስገባት ያዋጣል። በየካቲት የተጠየቀው በጀት የሚለቀቀው ከሐምሌ 1 ወዲህ ነው፤ ቅድመ ክረምት ጠረጋውን የሚሸፍነውም በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ነው። ይህን ለአባላት ከመጀመሪያው ያልነገረ አመራር በመጀመሪያው ክረምት አባላቱን ያጣል።

«ቦዩ ይጠረግ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም። ከየት እስከ የት፣ ስንት ሜትር፣ የቱ ጋ እንደተደፈነ፣ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ከፎቶና ከቀን ጋር ይጻፍ። ጠረጋ ከመደበኛ በጀት፣ አዲስ ቦይ ግንባታ ከካፒታል በጀት የሚወጣ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ መቀላቀል ጉዳዩን ከቢሮ ቢሮ ያንከራትታል። ሁለት ደብዳቤ ይሻላል። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነው በሲዳምኛም ይዘጋጅ፤ ግልባጩ ለከተማው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ይድረስ። ከመዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ሳይቀበሉ መውጣት አይገባም። ኃላፊው ቢቀየር የሚተርፈው ያ ቁጥር ነው፤ በቃል የተገባ ተስፋ ከባለሥልጣኑ ጋር ይሄዳል።

አለመወገን ዝምታ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። እሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን በፖሊሲና በሕግ ላይ መሟገትን ይፈቅዳል። አለመወገን የሚታየው በአሠራር ነው፦ አቋሙን ሊቀመንበሩ ሳይሆን አባላቱ በድምፅ ይወስኑት፤ ለምርጫ የሚወዳደር የኮሚቴ አባል ከቃል አቀባይነቱ ይነሳ፤ ስብሰባውን የፓርቲ ሰው አይክፈተው። በምርጫ ሰሞን ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ቃል፣ ለሁሉም ዕጩዎች ማቅረብ ይቻላል፤ ለአንዱ ብቻ ከቀረበ ግን ማኅበሩ ወግኗል።

መልስ ከዘገየ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፤ የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመለስ ያዛል። ለጠረጋ የተያዘውን ገንዘብና የተከፈለውን መጠን በዚያ መንገድ ጠይቆ፣ በግንቦት መጨረሻ ያንኑ ቦይ በዚያው ሜትር እንደገና መለካት ነው።