በኔ ሊንክ ግባ በሞቴ

ድሮ ዲሲ አካባቢ አበሻ ላበሻ ከደወለ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ደለስ ኤርፖርት ሄዶ እንግዳ የሚቀበል ጠፍቷል፣ ወይ ዕቁቡ ላይ አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነበር። አሁን አራተኛ ምክንያት መጥቷል። «ስማ፣ ሳፋየር አለህ እንዴ?» ይልሃል፣ ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ፣ የቼዝ ባንክን ክሬዲት ካርድ ማለቱ ነው። የለኝም ካልክ ስልኩ ሳይዘጋ ሊንኩ ቴሌግራምህ ላይ ጠብ ይላል። አለኝ ካልክ ደግሞ ይብሳል፣ ዝም ይልና «በማን ሊንክ ገባህ?» ይልሃል፣ ሠርግ ተደግሶ ሳይጠራ እንደቀረ አጎት ነው የሚያኮርፈው። በራሴ ነው ያወጣሁት ብትለውማ ጭራሽ አያምንህም፣ «በባዶ?! ማንም ሳይጠቀም?!» ብሎ ስለ ባከነው ፖይንት ከልቡ ያዝናል።

ነገሩ ላልገባችሁ እንዲህ ነው። ባንኩ አዲስ ደንበኛ ላመጣለት ሰው ፖይንት ይሰጣል፣ እንደ ካርዱና እንደ ጊዜው ይለያያል እንጂ በአንድ ሰው 10,000ም 15,000ም አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገኛል። የገባው ሰው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ እንደ ካርዱ 4,000 ወይ 5,000 ዶላር በካርዱ ከተጠቀመ የራሱ ዳጎስ ያለ ቦነስ አለው። ከዚያ ፖይንቱን ወደ ዩናይትድ ወይ ወደ ኤር ካናዳ ማይል፣ ማለትም ቲኬት ወደሚቆረጥበት የአየር መንገድ ነጥብ ታዞረዋለህ፣ የኛው አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ስላለ በዚያ ማይል ከደለስ ቦሌ ትበራለህ። የኤርፖርት ታክስ ከኪስህ ትከፍላለህ፣ ለካርዱም ዓመታዊ ክፍያ አለ፣ ግን እነዚህን ማንም አይነግርህም፣ «በነፃ ሄድኩ» ነው የሚባለው።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ፣ ሀገር ቤት እያለን ደላላን ያልረገመ ሰው አልነበረም። ቤት አገናኝቶህ ኮሚሽኑን ሲጠይቅ «ምን ሠራና ነው!» ስትል ኖረህ፣ እዚህ ስትመጣ ማስተርስ ያለው ኢንጂነር፣ የነርሶች ኃላፊ፣ የእሁዱ መዘምር ሳይቀር ሁሉም በሊንክ ድለላ ላይ ተሠማርቷል፣ ያውም ለባንክ። ባንኩስ ቢሆን ሞኝ አይደለም አቦ። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ አፍንጫህን ላስ የሚል አበሻ የአክስቱን ልጅ እምቢ ማለት እንደማይችል ማን ነግሮት እንደሆነ አላውቅም ደርሶበታል። ይሉኝታችንን በፖይንት ገዛው በቃ።

የአክስት ልጅ ካልኩ አይቀር የኔን ልንገራችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል፣ ወንድሙ ሀገር ቤት ያረፈበት ሰውዬ ግድግዳ ተደግፎ አንገቱን ደፍቷል፣ የሚገባው ሁሉ እግዜር ያጥናህ እያለ ውኃውን በካርቶን እያስቀመጠ ይቀመጣል። የአክስቴ ልጅ ቀስ ብሎ ተነሥቶ አጠገቡ ሄደና ትከሻውን ያዝ አደረገው። «ለአርባው ትሄዳለህ አይደል?» «ልሄድ ነበር፣ ቲኬቱ ከብዶኝ ነው እንጂ።» «አይዞህ፣ እኛ እያለን» አለና እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። እኔማ ብር ሊሰጠው ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። ስልኩን ነው ያወጣው፣ የስክሪኑን ብርሃን ለሐዘኑ ክብር ሲል ቀነስ አደረገና ኪው አር ኮዱን አስጠጋለት። ሐዘንተኛው በአንድ እጁ በሶፍት ዓይኑን እየጠረገ በሌላው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ይሞላል። ከጎን የነበሩ እናት «ምንድን ነው ልጄ የሚያስሞላህ?» ሲሉ የአክስቴ ልጅ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «የመዋጮ ነው እማማ!»

ካርዱ በሳምንቱ መጣ። ቦነሱ ግን ያ 4,000 ዶላር ካልወጣ አይመጣም፣ ሰውዬው ደግሞ ሐዘን ላይ ሆኖ ምን ይግዛ፣ ስለዚህ ለአርባው በራሱ ገንዘብ ቲኬት ቆርጦ ሄደ። ፖይንቱ ተጣርቶ ተሟልቶ በቂ የሆነው ለሙት ዓመቱ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን የሱን ቶሎ አግኝቷል።

ሬስቶራንትማ ሌላ ጉድ ነው። የኛ ሰው ሂሳብ ሲመጣ በሞቴ እኔ ነኝ የምከፍለው፣ አፈር ስሆን፣ ተው እጄን ልቀቅ እያለ ሲታገል ኖሯል መቼም። ዛሬም ይታገላል፣ እንዲያውም ብሶበታል፣ ምክንያቱ ግን ሬስቶራንት ላይ በዶላር 3 ወይ 4 ፖይንት የሚሰጡ ካርዶች መኖራቸው ነው። አሥራ ምናምን ሰው ሆነን የበላነውን ክትፎና ዶሮ በሙሉ የአክስቴ ልጅ ብድግ ብሎ ከፈለ፣ ሁላችንም ተባረክ ብለን መርቀን ወጣን፣ መኪናዬን ሳላስነሣ ስልኬ ጢን አለ፣ ዜል ሪክዌስት፣ ድርሻህን በስልክ ላክ የሚል የገንዘብ ጥያቄ፣ ከነቲፑ ተካፍሎ፣ ሳንቲሟ ሳትቀር። ምርቃታችንን መልስ አንለው ነገር።

የሬስቶራንቱ ባለቤት ግን ጨዋታውን ካወቁት ቆይተዋል። ካርዱ በተጫረ ቁጥር ከሂሳቡ 2 ከመቶ፣ 3 ከመቶ እየተቆረጠ ይሄዳል፣ የአክስቴ ልጅ ፖይንትም ከዚያው ነው የሚቀዳው፣ ከዚያና የካርድ ዕዳቸውን ሙሉውን ሳይከፍሉ እያሳደሩ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ ከሚከፍሉት ሰዎች። ሴትየዋ ካሸሩ ጋ «በካሽ ለሚከፍል ቅናሽ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን አነበበና «እትዬ፣ እርስዎ ለምን የቢዝነስ ካርድ አይወስዱም? እኔ ሊንክ አለኝ» አላቸው። ያኔ እሱን ባዩበት ዓይን እኔን ቢያዩኝ ሁለተኛ እዚያ ቤት አልደርስም ነበር፣ እሱ ግን ቡና አዘዘ።

ባንኮቹ ደግሞ ሕግ አላቸው እኮ። ቼዝ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ከየትኛውም ባንክ 5 ካርድ የከፈተን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያስገባም፣ ስለዚህ የሚጠባበቅ ሰው ስለ አዲስ ካርድ ሲጠየቅ «አሁን ጾም ላይ ነኝ» ይላል፣ መፍቻውንም ከፋሲካ በተሻለ ያውቀዋል። አሜክስ (አሜሪካን ኤክስፕረስ) ደግሞ የአንዱን ካርድ ቦነስ በሕይወት ዘመን አንዴ ነው የሚሰጠው፣ ያንንም እንደ ቁርባን አክብረው ጥሩ ኦፈር እስኪመጣ ይጠብቁታል። ባልና ሚስት ከሆኑማ ባል ሚስቱን ያስገባል፣ ቀጥሎ ሚስት ባሏን በሌላ ካርድ ታስገባለች፣ ኮሚሽኑ ከቤት አይወጣም። ተኮራርፈው ለሁለት ሳምንት ያልተነጋገሩ ባልና ሚስት አውቃለሁ፣ ሊንክ ግን ይላላኩ ነበር።

ታክስ ሲደርስ ትንሽ ይቀዘቅዛሉ። በካርድህ ገዝተህ ያገኘኸው ቦነስ እንደ ቅናሽ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ታክስ የለውም፣ ሰው አስገብተህ ያገኘኸው ግን ገቢ ነው፣ ባንኩም 1099 የሚባለውን የገቢ ማስታወቂያ ቅጽ ይልክልሃል። የአክስቴ ልጅ ያንን ወረቀት ይዞ እንደ ተበደለ ሰው ታክስ የሚሠራለት አበሻ ጋ ሄደ። ሰውዬው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አነበበለት፣ «ትከፍላለህ ወንድሜ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» አለው፣ ከዚያ ሲጨርሱ የራሱን ሊንክ ላከለት።

ብቻ የማይሆን የለም፣ የአክስቴ ልጅ ፖይንቱ ሞላና ልሂድ አለ። ገናና ጥምቀትን ሀገር ቤት ነበር ያሰበው፣ ግን በዚያ ሰሞን በፖይንት የሚሰጥ ወንበር ማግኘት ማለት መቼም... ቀጥታው የለም፣ በፍራንክፈርት የለም፣ በኢስታንቡል አንድ ተገኘ፣ እሱም ኤርፖርት የሚያሳድር። ለሊት ተነሥቶ ስልክ እየፈተሸ፣ መጨረሻ ላይ የደረሰችው ወንበር የካቲት ላይ ናት፣ ጾም ሲገባ። ክትፎ ሳይበላ ሊመለስ ማለት ነው።

መሄዱ ሲሰማ ደግሞ በሱ ሊንክ የገባው ሁሉ ስልክ መታ። አየር መንገዱ የሚፈቅደው 2 ሻንጣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፣ እነሱ ግን ሒሳብ አላቸው፣ በኛ ነው የምትሄደው፣ ሻንጣውም የኛ ነው። አንዷ ለእናቷ የስኳር መድኃኒትና ጫማ፣ አንዱ ላፕቶፕ፣ ያ ሐዘንተኛ ሳይቀር ለሟች ልጆች ልብስ ይዞ መጣ፣ እሱስ ይገባዋል። አንዱ ግን ሁላችንንም ገደለን። አፕላይ አድርጎ ባንኩ አልተቀበለውም ነበር። «ባይሳካም ሞክሬልሃለሁ፣ የክሬዲት ነጥቤም ባንተ ምክንያት ወርዷል፣ ሁለት ኪሎ ይገባኛል» አለ ኮስተር ብሎ። ብዙ ተከራከሩና በአንድ ኪሎ ተስማሙ። የአክስቴ ልጅ የራሱን ልብስ ለብሶ ነው የተሳፈረው፣ በላይ በላዩ፣ ሁለት ጃኬት።

ቦሌ ወርዶ ቤት እንደደረሰ ጉራውን መቼም አይችለውም፣ «ቲኬቱን በፖይንት ነው የቆረጥኩት፣ አምስት ሳንቲም አላወጣሁም» ብሎ ቤተ ዘመዱ ፊት ተናገረ። ሁሉም እሰይ አሉ። አክስቴ ዝም ብለው ቡናቸውን ፉት ሲሉ ቆዩና «ታዲያ የቲኬቱ ብር ተርፎሃላ ልጄ?» አሉት። ኧረ እማዬ እንደሱ አይደለም፣ ብር እኮ አይደለም፣ ፖይንት ነው፣ ሰው አስገብቼ ነው፣ እያለ ላብ በላብ ሆኖ አስረዳ፣ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ጨርሰው ሰሙትና ቀና ብለው የሚያፈሰውን ጣሪያ አዩ።

«ይሄ ፖይንት የምትለው ቆርቆሮ አይገዛም?»

«አይገዛም እማዬ።»

«እንግዲያው ብሩን ስጠን።»