ክኒኑ ብቻውን አያጸዳም
«ሩት ካናል (የጥርስን ሥር ውስጡን አጽድቶ የመሙላት ሕክምና) ሲሠራ ባክቴሪያ እንዳይራባ አንቲባዮቲክ መውሰድ በቂ ነው» የሚለው አያስማማኝም። ነርቩ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ታዲያ መድኃኒቱ በየት በኩል ይገባል? ፊት ሲያብጥና ትኩሳት ሲኖር ይታዘዛል፣ እሱም ከማጽዳቱ ጋር እንጂ በምትኩ አይደለም። ጥርስ ክሊኒክ ነው የምሠራው፤ በሕክምናው መሀል አዲስ ባክቴሪያ የሚያስገባው በዋናነት ምራቅ ነው። ለዚህ ነው ጥርሱ ራበር ዳም በሚባለው ስስ ላስቲክ ከቀረው አፍ የሚለየው። ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ዛሬም «ጊዜ ይፈጃል» እየተባለ ይዘለላል፣ ይገርመኛል። ከዚያ የሥሩ ውስጥ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይታጠባል፤ አዎ፣ በረኪና ውስጥ ያለው ራሱ ነው፣ ግን ለሕክምና ተመጥኖ፤ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። ሕክምናውን ጀምረው «ሕመሙ ስለጠፋ ሳልመለስ ሦስት ወር ሆነኝ» ላሉት፦ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ጥርሱን የሚዘጋው ጊዜያዊ ሙሊት ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይሆንም። ይሸረፋል፣ ምራቅ ያሳልፋል፣ የታጠበው ሥር እንደገና ይበከላል። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለወጣ እንጂ ሥራው ስላለቀ አይደለም። ዛሬውኑ ደውለው ቀጠሮ ያስይዙ፤ እስከዚያ በዚያ ጎን ቆሎ አይቆርጥሙ፣ መቦረሹን ግን አይተዉ።